የተጠቃሚው ስም

ዝናሽ የኮምፒውተሩን ሳጥን ከባጃጅ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ፋኑ ይጮሃል» አለች። ዶማ የሚባለው ሰው በመልእክት በዪ ያላትን ነው ያለችው። ፊቷ የቆመው ጠጋኝ ለይኩን ራሱ ዶማ መሆኑን አታውቅም። ለእሷ ዶማ ጎንደር የተቀመጠ ትልቅ ሰው ነው።

«አቧራ ነው» አላት።

«መተማ ላይ ጠጋኝ ሁሉ የሚያውቀው አቧራ ብቻ ነው» ብላ ወጣች።

ዝናሽ የሷሊህ መጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ሷሊህ በሰሊጥ ጆንያ ሥር ጠመንጃ ያሻግራል። መኪኖቹ የሚያልፉበትን መንገድ ለዶማ የምትልክበትን ፕሮግራም ትናንት ነቅላዋለች። የጠፋ መስሏታል።

አልጠፋም።

ፕሮግራም ሲነቀል ትራፊው ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሷሊህ ባለሙያ ኮምፒውተሩን ሊመረምር ከገዳሪፍ ይመጣል። ትራፊውን ካገኘ ዝናሽ አትተርፍም።

ሁሉንም ፎርማት ማድረግ ይቀል ነበር። ግን በድንገት ባዶ የሆነ ኮምፒውተር ራሱ ይመሰክራል። ለይኩን አስቀድሞ የሬጂስትሪውን፣ የፕሮግራሞቹን መዝገብ፣ ቅጂ ያዘ። ከዚያ የፕሮግራሙን ስም እያሰሰ የእሱ የሆነውን ብቻ ሰረዘ። አንድ ፋይል ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ፤ የመጋዘኑ ሚዛንም ይሠራበታል። ተወው። ማሽኑን አጥፍቶ አስነሣው። የሚዛኑ ፕሮግራም ተከፈተ።

አንድ ፎልደር ቀረ። ውስጡ ያለው ፋይል ላይ የተጠቃሚ ስም አለ። ዝናሽ ይላል።

ስልኩ ጠራ። የጎንደሩ የደኅንነት አለቃው ገሰሰ ነው።

«ዶማ፣ ጠረግኸው?»

«አንድ ፎልደር ቀርቶኛል።»

«እሱን ተወው።»

«ስሟ እኮ አለበት» አለ ለይኩን።

«ሷሊህ ዘንድ ያስገባነውን ሾፌር ጠርጥረውት ነበር» አለ ገሰሰ። «ወሬውን ወደ ሒሳብ ክፍል የመራሁት እኔ ነኝ። አንድ ሰው ማግኘት አለባቸው።»

«ይገድሏታል።»

«ሥራ ነው፣ ወንድሜ።»

ሥራ! ጎንደር ላይ ጃኬቱን ቆልፎ ትኩስ ሻይ የሚጠጣ ሰው፣ በመተማ ሐሩር የምትለፋን ሴት እንደ ትራፊ ፋይል ይቆጥራታል። አገር የምትጠበቀው በእንዲህ ያለ ሰው ከሆነ፣ ከማን ነው የምትጠበቀው?

ለይኩን ፋይሉን ከፈተ። የዝናሽን ስም አጠፋ።

የራሱን ሱቅ ስም ጻፈበት።

ባለፈው ወር ኮምፒውተሩ ለጥገና እዚሁ ሰንብቷል። ጠጋኙ ነው የጫነው ይላሉ። ሾፌሩም ዝናሽም ይተርፋሉ። የሚፈልጉትን አንድ ሰው ያገኛሉ።

ዝናሽ መጥታ ሳጥኑን ወሰደች። ምንም አልነገራት። ሱቁን ቆለፈና የቀን ሠራተኛ ጭኖ ወደ አብርሃ ጅራ የሚሄድ መኪና ላይ ወጣ።

ወሬው ሰሊጥ ሲያጭድ ደረሰበት። የሷሊህ መኪኖች ከነጠመንጃቸው ተይዘዋል። ገሰሰ ተሹሟል። የጠጋኙን ሱቅ አቃጥለውታል፤ ሱቁን በጣቷ ያሳየችው የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት አሉ። ሲነድም ድንጋይ ወርውራበታለች።

«በጉርብትና ተቀምጦ ሰው የሚሰልል፣ ምን ያለ አረመኔ ነው» አለ ዋሴ፣ ከጎጃም የመጣው አጫጅ። «ብታገኘው ምን ታደርገው ነበር?»

«እኔም እወረውርበት ነበር» አለ ለይኩን።

ዋሴ ሳቀና ስሙን ጠየቀው።

«አዱኛ» አለና ጎንበስ ብሎ ማጨዱን ቀጠለ።