ከተራራው ማዶ ያልዘነበው ዝናብ

ሽማግሌው ዝናብ ለኪ ከአየር ጠባይ ጣቢያው ማማ የብረት ደረጃ ሥር በጀርባቸው ወድቀው ሲገኙ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። አስከሬኑ ሲነሳ ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ላይ ወደ ደረጃው አንጋጠጠ። መርማሪዋ ግን ጎንበስ ብላ መሬቱን ዳሰሰች። ግቢው ጭቃ ነው፤ እሳቸው የተኙበት ቦታ ደረቅ አፈር። ዝናቡ የወረደው ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ነው። እንግዲያው ሰውዬው የወደቁት ከስድስት በፊት ነው ማለት ነው።

ይህችን መርማሪ ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አለቃዋ ነው፣ ከምሬቱ የተነሳ። አሁንም ስልኳ ላይ እሱው ነው።

«አርጅተዋል፣ አዳልጧቸዋል። ነገ እኩለ ቀን ላይ መዝገቡን ዝጊ።»

«ዝናብ ሳይጀምር በደረቅ ደረጃ ላይ ምን አዳለጣቸው?»

«አንቺ ደግሞ!» ብሎ ዘጋባት። እሷም መዝገቡን ከፈተች።

የሟች ልጅ አስተማሪ ናት። ዓይኗ አብጧል፣ ድምጿ ግን አልተሰበረም።

«አባዬ ያንን ደረጃ ሠላሳ ዓመት ወጥቶ ወርዶበታል። ‹በአደጋ ሞተ› ብዬ እንድፈርም የጣቢያው ኃላፊ ወረቀት ልከውልኛል። ሞቼ ነው የምፈርመው!»

«ጠዋት ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ጡረታ ውጣ አልኩት። ‹ይሄ ካርታ ሳይስተካከል አልወጣም› አለኝ። ከዚያ እስከ ስምንት ሰዓት ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ተማሪዎቼን ጠይቂ።»

ተጠየቁ፤ እውነት ነበር።

የዝናብ ካርታው በማማው ሁለተኛ ፎቅ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። በመጪው ዓመት የውሃ ጉድጓድ የሚቆፈረው በዚህ ካርታ ነው፤ አረንጓዴ የተቀባ ወረዳ ዝናብ ይበቃዋል ተብሎ ጉድጓድ አያገኝም። ነገ እኩለ ቀን ላይ ለቆፋሪዎቹ ይላካል። መነጽራሙ ካርታ ሠሪ አጠገቡ ቆሞ ብሩሽ ያፍተለትላል።

«ከተራራው ወዲህም ወዲያም አንድ ዓይነት ይዘንባል እንዴ?» አለችው።

«ኧረ በጭራሽ! ደመናው ከባሕር መጥቶ ተራራውን ሲወጣ ሸክሙን በዚህ በኩል ያራግፋል፤ ወዲያ የሚሻገረው ባዶውን ነው። በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው፤ የአንድ ተራራ ግማሹ ጫካ፣ ግማሹ በረሃ። ዓመቱን ሙሉ የሚዘንብበት አገር አለ፤ ሕፃን ተወልዶ ትምህርት ቤት እስኪገባ ጠብታ የማያይበትም አለ።»

«ታዲያ ለምን ሁለቱንም አረንጓዴ ቀባኸው?»

«ማዶ ያለው ጣቢያ ቁጥር አይልክም። ኃላፊው ከዚህኛው ወስደን፣ ከአሥር አንድ እጅ ቀንሰን እንድንሞላ አዘዙ። ጋሼ ግን ‹በጎረቤት ዝናብ ሰው አላጠጣም፣ አልፈርምም› አሉ። እሳቸው ከሌሉ የሚፈርሙት ኃላፊው ናቸው።»

«ከስድስት ሰዓት በፊት የት ነበርክ?»

«ከአራት ሰዓት ጀምሮ በሬዲዮ ከጣቢያዎች ቁጥር ስቀበል ነበር። ጋሼን ያገኘሁትም እኔው ነኝ። ወዲያው ለኃላፊው ደወልኩ፤ የእኛ ዝናብ ሃያ ሚሊ ሜትር መሆኑንም ነገርኳቸው።»

የጣቢያዎቹ ሠራተኞች ቃሉን አረጋገጡ። ኃላፊው የገቡት በአሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ኮታቸው የተተኮሰ፣ ጫማቸው የተወለወለ።

«እኔ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ማዶ ጣቢያ ነበርኩ» አሉ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ በገዛ እጄ ለክቻለሁ። መዝገቡ ይኸው፣ አሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር።»

መርማሪዋ ቁጥሩን አየች፤ ካርታ ሠሪውም አየ። እሱ አንገቱን ደፋ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተራራውን ተሻገረች። በዚህ በኩል ቦዩ ሁሉ ይንፏፏል። ጫፉ ላይ ጉሙ ተቆረጠ፤ ከዚያ ወዲያ አቧራ ብቻ። ሴቶች ከደረቀ ቧንቧ ፊት ጀሪካን ደርድረው ይጠብቃሉ።

«እናቴ፣ ትናንት እዚህ ዘንቧል?» ስትል መርማሪዋ አንዲት አሮጊትን ጠየቀች።

«ትቀልጂብናለሽ እንዴ ልጄ? ዝናብ ካየን ሰባት ወራችን ነው። ለኪ የሚባል ሰው ካየንም ዓመታት አልፈዋል።»

የማዶውን ጣቢያ የዝናብ መለኪያ ውስጡን አየችው። ከዚያ እንዳለ አሽጋ ይዛው ተመለሰች።

በአምስት ሰዓት ሁሉንም ካርታው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሟች የወደቁት ከዝናቡ በፊት ነው» ብላ ጀመረች። «ያን ጊዜ ልጃቸው ክፍል ውስጥ፣ ካርታ ሠሪው ሬዲዮ ላይ ነበሩ። የቀሩት እርስዎ ነዎት። ማዶ ነበርኩ አሉ፤ ማስረጃዎም አሥራ ስምንት ነው። ከዚህኛው ጣቢያ ሃያ ላይ ከአሥር አንድ እጅ ሲቀነስ ስንት ይቀራል?»

«አሥራ ስምንት» አለች የሟች ልጅ፣ በአስተማሪ ድምፅ።

«የጎደለውን ሁሉ እንዲህ ሲሞሉ እጅዎ ለምዷል። ሌላ ሰው ቢሆን ‹አልዘነበም› ብሎ ይዋሽ ነበር፤ ያውም እውነት ይሆንለት ነበር። እርስዎ ግን የገዛ ካርታዎን አመኑት።» የመለኪያውን አፍ አሳየች፤ የሸረሪት ድር ተወጥሮበታል።

ኃላፊው ሳቁ። «ሸረሪት ምስክር ሆነች? ድሯን በአንድ ሌሊት ትሠራለች እኮ!»

«ድሩን ትሥራ። ይሄንንስ ማን አደረቀው?» ብላ መለኪያውን በካርታው ላይ ደፋችው። የሰባት ወር አቧራ አረንጓዴው ላይ ቦነነ። «አሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር የገባበት ጭቃ ነው የሚሆነው።»

ሳቁ ቆመ። ኃላፊው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ጣቢያው ከተዘጋ ሦስት ዓመቱ ነው። ይሠራል እያልኩ ሪፖርት ሳደርግ ነበር። እንዲፈርሙልኝ ለመንኳቸው። ‹ለበላይ አመለክትብሃለሁ› ብለው ወደ ደረጃው ዞሩ... ገፋኋቸው።»

«አባዬ እንቢ ስላለ ብቻ!» ብላ ልጃቸው ጠረጴዛውን በጡጫ መታችው። ያን ጊዜ ድምጿ ተሰበረ።

ኃላፊው በሁለት ፖሊሶች መሃል ሲወጡ የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ። ካርታ ሠሪው አነሳው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ ድምፁ ለሁሉም ይሰማል፦ «ለውጥ የሚባል ነገር እንዳይኖር! አረንጓዴው እንዳለ ይላክ!»

ካርታ ሠሪው አቧራውን በክንዱ ጠረገ። ብሩሹን የድርቅ ምልክት በሆነው ቡናማ ቀለም ውስጥ ነክሮ ከተራራው ማዶ ያለውን በሙሉ ቀባው። ከሥሩም ስሙን ጽፎ ፈረመ።

«ሰማኸኝ?» አለ ስልኩ። «ከሥራህ ትባረራለህ!»

«ሰምቻለሁ ጌታዬ» አለ መነጽሩን እያስተካከለ። «እስክታባርሩኝ ግን ካርታው ለቆፋሪዎቹ ይደርሳል።»