በሀብቴ ቤት ያደሩት አራት ላሞች

ረቡዕ ሐምሌ 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ እህቴ ኤደን ከጃጁራ ከተማ ወዲያ ካለ የእንጨት ድልድይ ሥር ሞታ ተገኘች። ድህነትን ለሚለካ ጥናት መረጃ ትሰበስብ ነበር። ቤት ለቤት እየዞረች ጣራውንና ከብቱን ትመዘግባለች፤ የሕፃናትን ክንድ ባለቀለም ጥብጣብ አዙራ ትለካለች። ቀበሌው ያደለው ነጻ የሕክምና ካርድ ለድሃ መድረሱም በዚያው ይጣራ ነበር።

ሰዉ ሁሉ «አዳልጧት ነው» አለ። ከሆሳዕና የመጣችው ኢንስፔክተር አዜብ ግን የኤደንን ቦርሳ ከፍታ አገላበጠችው። መረጃውን የምትመዘግብበት ታብሌት የለም። ጃንጥላዋ እንደታጠፈ፣ ማሰሪያው እንደተቆለፈ ነው።

«ትናንት ዝናቡ መቼ ጀመረ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት» አለ አንድ ገበሬ። «እስከ ሁለት አላባራም።»

መጀመሪያ የኤደንን አለቃ ነህምያን ጠየቀችው።

«ተጣልታችኋል አሉ።»

«ቀስ ትላለች ብዬ ተቆጥቻታለሁ። በቀን ስምንት ቤት ነው የሚጠበቀው፤ እሷ አራት ትሠራለች። ትናንት ማታ ግን ሆሳዕና ቢሮ ከሦስት ሰው ጋር ነበርኩ።»

«ሥራዋን እንዴት ነበር የምትልከው?»

«ኔትወርክ የሚገኘው ከድልድዩ ማዶ ጉብታው ላይ ነው። ማታ ማታ እዚያ ወጥታ ትልካለች። የትናንቱ አልደረሰም።»

ኤደንን ቤት ለቤት ይመራት የነበረው የቀበሌው ሹም ወንዳፈረው፣ ሰፊ ጃንጥላውን እንደ ምርኩዝ ተደግፎ፣ ሳይጠየቅ ጀመረ።

«ከሀብቴ ደጅ አሥር ተኩል ላይ ተለየኋት። እሱን ጠይቂው ልጄ። ካርድ ስለተከለከለ ጥርሱን ነክሶባት ነበር።»

«ለምን ተከለከለ?»

«አራት ላም ያለው ሰው ድሃ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

የሀብቴ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹ የሰው፣ ግማሹ የከብት። አራት ካስማ ተተክሏል፤ እበቱ ትኩስ ነው፤ ላም ግን የለም። የሦስት ዓመቷ ልጁ ሀኒ ሰሌን ላይ ተኝታ ፊቷ ላይ ያረፈውን ዝንብ እንኳ አታባርርም። አዜብ ከኤደን ቦርሳ ባወጣችው ጥብጣብ ክንዷን ለካች፤ ቀይ ላይ ቆመ።

«ላሞቹስ?»

«ሸጥኳቸው» አለ ሀብቴ።

«ኤደን ትናንት ማታ ቆጥራቸው ወጣች። ሌሊት ሌሊት መገበያየት ጀመራችሁ እንዴ?»

ሀብቴ ወደ ባዶዎቹ ካስማዎች ዞረ። ሚስቱ ካሳነሽ የልጅቷን ባዶ ኩባያ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«በዝናብ በምን ትወጣላችሁ?» አለቻት አዜብ።

«በእንሰት ቅጠል ነዋ። ሌላ ምን አለን?»

ጎረቤታቸው አስናቀች ላሞቹ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲነዱ አይታለች። የሚነዳቸውን ሰው ግን በጭጋጉ አልለየችውም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁላችንም ሀብቴ ግቢ ተሰበሰብን።

«ኤደን እዚህ ቤት ሁለት ነገር አገኘች» አለች አዜብ። «አራት ላምና ቀይ ላይ የቆመ የሕፃን ክንድ። ቀይ ማለት ልጅቷ ካልታከመች ትሞታለች ማለት ነው። አራት ላም ያለው ሰው አንዷን ሸጦ ያሳክማል። እዚህ አገር ግን ባለጸጋ ከብቱን ድሃ ቤት ያስቀምጣል፤ ጥጃውና ቅቤው የሱ ነው፣ ለጠባቂው አንድ ኩባያ ወተት ይደርሰዋል። ቆጣሪ ሲመጣ ላሙ ባደረበት ቤት ይጻፋል። ድሃው ሀብታም፣ ሀብታሙ ድሃ ይሆናል።»

«እኛም እንደዚያው ነው የጻፍነው» አለ ነህምያ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ላሞቹ ማለዳ ለምን ተነዱ? ኤደን በሕይወት ብትኖር መደበቃቸው ምን ይጠቅማል? አይታቸዋለች። የነዳቸው ሰው እንደማትናገር፣ መረጃውም እንዳልተላከ ያውቃል። እሷ የተገኘችው ግን ላሞቹ ከተነዱ ከሦስት ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው።»

«ሀብቴስ?» አለ ወንዳፈረው።

«ሀብቴማ ላሞቹ ሲሄዱ ወተቱን ነው የሚያጣው። ደግሞ ኤደን በዚያ ዝናብ ጃንጥላዋን አልዘረጋችም። በሌላ ሰው ጃንጥላ ሥር ነው የሄደችው። ነህምያ ሆሳዕና ነበር፤ አብረውት ያመሹትን አነጋግሬያለሁ። ሀብቴ በእንሰት ቅጠል ይሄዳል። እርስዎ ዝናቡ ሳይጀምር ተለየኋት አሉኝ፤ የያዙት ጃንጥላ ግን ለሁለት ይበቃል።» ወደ ሀብቴ ዞረች። «ላሞቹ የማን ናቸው?»

ሀብቴ ልጁን አየ። «ከተናገርኩ ወተቱ ይቀራል።»

ካሳነሽ ከኋላው ተነስታ ወደ ወንዳፈረው ጠቆመች። «የሱ ናቸው! በሌላ ስድስት ቤትም አሉት። የድሃ ካርዱ ደግሞ በሱ ስም ነው! ኤደን ይህን ስትደርስበት ‹ነገ ሰባቱንም ቤት እንደገና እቆጥራለሁ› አለችው። እሱም ‹ነይ፣ ዝናብ ነው፣ ልሸኝሽ› ብሎ ጃንጥላውን ዘረጋላት። ዛሬ ላሞቹን ሲወስድ ‹ዝም ካላችሁ እመልሳቸዋለሁ› አለን። ዝም አልን፤ ለዚች ኩባያ ብለን!»

ወንዳፈረው ከመቀመጫው አልተነሳም። ታብሌቱ ከራሱ ጎተራ ሥር ተገኘ።

ኤደንን ከድልድዩ ገፍቶ በመግደሉ አሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት። ሰባቱ ቤቶች እንደገና ተቆጥረው ካርዱ በመስከረም ደረሳቸው። ሀኒን ከዚያ በፊት በመዋጮ ሆሳዕና ወስደን አሳከምናት፤ ተረፈች። ከቀሩት ስድስት ቤቶች ሁለቱ፣ ካርዱ ሲደርሳቸው፣ የታመመባቸውን ቀብረው ነበር።