የወይዘሮ መሰለች ድስት

መስከረም ፲፰ ቀን ፲፱፻፷፯ ዓ.ም. ቅዳሜ ማለዳ፣ በናዝሬት ከተማ የደመራው አመድ ገና ከየአደባባዩ አልተጠረገም ነበር፤ ረመዳንም ከገባ አሥር ቀን ያህል ስለሆነው የከተማው እኩሌታ መስቀልን ሲያከብር ሰንብቶ፣ እኩሌታው ጾሙን ይዞ ነጋለት። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ከወረዱ አሥራ ስድስት ቀን ሆኖ ነበር፤ በየመሥሪያ ቤቱ ሥዕላቸው ተሰቅሎበት የኖረው የግድግዳ ቦታ ከቀሪው ቀለም ነጥቶ ይታይ ስለነበር፣ ባለጉዳይ ሁሉ ወደዚያ ባዶ ቦታ በልማድ እጅ ሊነሳ ይዳዳው ነበር።

በዚያ ማለዳ በአንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ የጭነት መኪና የሚጠብቀው ጎልማሳ መምህር ወልደአማኑኤል ይባላል። ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ከልጅነቱ ዲቁና የተረፈው ጥሩ ድምፅና ረቡዕና ዓርብን አለመርሳት ነው፤ የቀረ ፍቅሩን ሁሉ ለስካውት ጓዱ ሰጥቶታል። ጓዱ ሃያ አራት ልጆች ነበሩት፤ አሥራ አራቱ ኦርቶዶክስ፣ ስምንቱ ሙስሊም፣ ሁለቱ ፕሮቴስታንት ሲሆኑ፣ ገመዱን ሁሉም በአንድ ዓይነት ይቋጥሩት ነበር። ምግብ ሲደርስ ግን ጓዱ ለሁለት ይከፈላል፤ የክርስቲያን ሥጋ የሚገባበት ድስት በአንድ እሳት፣ የእስላም ሥጋ የሚገባበት ድስት በሌላ እሳት። የአባቶች ሥርዓት ነውና ለስምንት ዓመት በዚህ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

በዚያ ወር ግን ያለፈቃድ መሰብሰብ ተከልክሎ ስለነበር፣ ወልደአማኑኤል ከጉዞው ጥቂት ቀን አስቀድሞ ማመልከቻውን ይዞ ከፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ከሻምበል መርዳሳ ፊት ቀርቦ ነበር።

«ሃያ አራት ልጅ ይዘው ቆቃ ዳር ሊያድሩ?» አሉት ሻምበሉ፣ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላብጠው። «ዘመኑን ያውቁት የለም?»

«አውቀዋለሁ፣ ክቡር ሻምበል፤ ስለማውቀውም ነው የምቸኩለው። ገና የስካውት ቃል ኪዳን ያልገቡ ልጆች አሉኝ። የሚመጣው ዓመት ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም።»

ሻምበሉ ወደ ነጣው ግድግዳ አዩ። «እሺ፣ ለአንድ ሌሊት። ነገር ግን አንድ የስም ዝርዝር፣ አንድ ኃላፊ፣ አንድ እሳት። እሳት ሲበዛ ሽፍታ የሰፈረ ይመስላል፤ ያን ጊዜ እኔም ሰው መላኬ ነው።»

በፈቃዱ ወረቀት ላይ «አንድ እሳት» የሚለው ቃል ከሥሩ ተሰምሮበት ወጣ። ወልደአማኑኤል ወረቀቱን አጥፎ በደረት ኪሱ ከጨመረ በኋላ በቀጥታ ያመራው ወደ ሐጂ አብደላ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበር፤ የሐጂ ልጅ አብዱልመናን የጓዱ አንጋፋ ሲሆን፣ የሌሎቹ ሙስሊም ልጆች አባቶችም ልጆቻቸውን የሚልኩት የሐጂን ፊት አይተው ነው።

«ይሂድ» አሉ ሐጂ። «ስካውት መሆኑ በጅቶታል፤ አልጋውን ማንጠፍ ተምሯል። ነገር ግን መምህር፣ እሳቱ አንድ ከሆነ ድስቱም አንድ ሊሆን ነው። ቢስሚላህ ያልተባለበት ሥጋ ከነካው ድስት፣ ያውም በጾም ወር፣ ልጄ አንድ ጉርሻ ከቀመሰ ያችን የስካውት ሻርፕ ዳግም አንገቱ ላይ አያስራትም። የሌሎቹም ልጆች እንደዚሁ።»

«ሥጋ የሚባል አይገባም፣ ሐጂ። የምናበስለው ዓሣ ነው፤ ዓሣን ማንም በማንም ስም አያርደውም። ድስቱም ከገበያ የሚወጣ አዲስ ሸክላ ይሆናል።»

«እርስዎን አምናለሁ» አሉ ሐጂ፤ ይህች አጭር ቃል ከሻምበሉ ወረቀት ይልቅ ከበደችው።

ድስቱ ከተገዛ በኋላ እስከ ጉዞው ቀን የተቀመጠው፣ የጓዱ ስንቅ ያዥ በሆነው በዘገዬ ቤት፣ በእናቱ በወይዘሮ መሰለች እጅ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ የጭነት መኪናው ሲደርስ ወይዘሮ መሰለች ድስቱን በነጭ ነጠላ ጠቅልለው፣ ክርስትና የሚነሳ ሕፃን የታቀፉ መስለው መጡ።

«አሟሽቼዋለሁ» አሉ፤ «ወጥ አያሳርርባችሁም፣ ውሃም አያዥም።»

አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ እሳት ላይ ማውጣት ለወይዘሮ መሰለች ነውር ነበር። ወልደአማኑኤል ጎንበስ ብሎ አመሰገናቸው፤ በምን እንዳሟሹት መጠየቅ ግን ለጂኦግራፊ መምህር አልታየውም።

ቆቃ ዳር ሲደርሱ ክረምቱ የሞላው ሐይቅ እስከ ግራሮቹ እግር ድረስ ወጥቶ ጠበቃቸው። በዳሩ ጎጆ ያላቸው ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ፈዬራ ከታንኳቸው ወርደው «አካም ቡልተን፣ ኢጆሌ»፣ እንደምን አደራችሁ ልጆች፣ ብለው ተቀበሏቸው፤ አብዱልመናንም በኦሮምኛ መልሶ እጃቸውን ሳመ። ፈዬራ ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም ያልሆኑ፣ ፈጣሪን ዋቃ ብለው በኦዳ ዛፍ ሥር የሚለምኑ ሰው ነበሩ።

«እርሻዬ እዚያ ነው» አሏቸው ወደ ሐይቁ መካከል እያመለከቱ። «ግድቡ ሲሠራ ውሃ ዋጠው። አሁን በበቆሎ ማሳዬ ላይ ዓሣ አጭዳለሁ።»

ቀኑ በድንኳን ተከላና በሳቅ አለፈ። ዘገዬ ሙስሊሞቹ እየጾሙ መብላት ነውር ነው ብሎ ክርስቲያኖቹም እስከ ማታ እንዲጾሙ አወጀ፤ አዋጁም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጸና፤ ከዚያም አዋጅ አውጪው ራሱ ከግራር ኋላ ቆሎ ሲቆረጥም በአብዱልመናን ተያዘ። ከሰዓት በኋላ ፈዬራ መረባቸውን ሲያወጡ ሃያ አምስት ቅርፊታም የቆሮሶ ዓሣና አንድ ጢማም አምባዛ ሣሩ ላይ ተዘረገፈ።

«አምባዛውን አንበላም፣ አባባ» አለ ዘገዬ፤ «ቅርፊት የለውም።»

«እናንተ የከተማ ልጆች፣ የማትበሉት ከምትበሉት ይበዛል» አሉ ፈዬራ፣ አምባዛውን በደስታ ወደ ራሳቸው እየሳቡ።

ጀምበር ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ልጆቹ እንጨት ለቀማ ሄዱ፤ ዘገዬ ከመምህሩ ጋር ቀርቶ ድስቱን ከነጠላው ፈታ።

«ጋሼ፣ እናቴ ምን ያህል እንደደከመችበት ባዩ» አለ፤ «ለዘመን መለወጫ ከታረደው በግ ላት ቆጥባ፣ እያቀለጠች ሦስት ጊዜ ቀባችው።»

ወልደአማኑኤል ድስቱን ከእጁ ተቀብሎ መሬት አስቀመጠው። ዘገዬም የተናገረውን ራሱ ሲሰማው አፉን በእጁ ያዘ። ከሁለቱ በቀር ያወቀ የለም። ላቱ ከሸክላው ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል፤ ቢሸትም ሽንኩርትና በርበሬ ይሸፍነዋል፤ ወልደአማኑኤል ዝም ቢል ጓዱ ነገም ጓድ ነው፣ ቢናገር ግን ስምንቱ ልጆች ከነገ ወዲያ በጓዱ ላይኖሩ ይችላሉ። ይህን ሁሉ አሰበ፤ ዝም ለማለትም እጅግ ፈለገ። ነገር ግን «እርስዎን አምናለሁ» ያለው ድምፅ ከጆሮው አልወጣ ስላለው ፊሽካውን አውጥቶ ነፋ።

«ይህ ድስት በበግ ላት ተሟሽቷል» አለ ልጆቹ ሲሰበሰቡ፤ «በጉን ያረደው ክርስቲያን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳልጠይቅ ተቀበልኩ። አብዱልመናን፣ አንተና ወንድሞችህ ከዚህ ድስት አትበሉም፤ ለአባትህም ያየኸውን ትነግራለህ።»

አብዱልመናን ድስቱን፣ ከዚያም የዘገዬን ፊት አየ። «እናንተ ብሉ፣ ጋሼ። ለእኛ ተምርና ዳቦ ይበቃናል።»

«እኔም አልበላም» አለ ዘገዬ፤ ሌሎቹም ክርስቲያኖች አንድ በአንድ «አንበላም» አሉ። ሃያ አራት የተራበ ልጅ ሃያ አምስት ዓሣ ከቦ ቆመ።

ፈዬራ ነገሩ ስላልገባቸው አብዱልመናንን በኦሮምኛ ጠየቁት፤ ከሰሙም በኋላ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ለዚህ ነው እንዴ? ጭቃ አጣችሁ?»

ከሐይቁ ዳር ጥቁሩን ጭቃ ዝቀው፣ ሆዱ የጸዳውን ቆሮሶ ጨውና በርበሬ አጉርሰው፣ ከነቅርፊቱ በጭቃ መረጉት። «ቅርፊቱን አትፋቁ፤ ጭቃው ሲላቀቅ ይዞት ይወጣል። ጭቃው ሲሰነጠቅ በስሏል ማለት ነው።» ልጆቹ እስከ ክንዳቸው ጭቃ ሆኑ፤ እርስ በርሳቸውም ተቀባቡ፤ እያንዳንዱ በየዓሣው ጭቃ ላይ በጥፍሩ ምልክቱን ጻፈ፤ መስቀል የጻፈ ነበር፣ ጨረቃ የጻፈ ነበር፣ የስሙን ፊደል የጻፈም ነበር፤ ከዚያም ሁሉም በአንዱ ፍም ውስጥ ጎን ለጎን ተቀበሩ።

ጀምበር ስትጠልቅ ስምንቱ ልጆች ጾማቸውን በተምር አፈጠሩና በሐይቁ ውሃ ታጥበው ሰገዱ፤ ሌሎቹም እሳቱን ጠበቁላቸው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ደስታ ነበር። ጭቃው በድንጋይ ሲመታ እንፋሎቱ ይወጣል፤ ነጩ የዓሣ ሥጋ እያቃጠለ በዳቦ ይነሳል፤ ዘገዬ እሾህ አንቆት ጀርባውን የደበደበው አብዱልመናን ነበር። ወልደአማኑኤል የገዛ ዓሣውን ይዞ ልጆቹን እያየ መብላት እስኪረሳ ድረስ ተደሰተ።

ከእራት በኋላ ለቃል ኪዳኑ ቆሙ። የቀድሞው ቃል «ለእግዚአብሔር፣ ለንጉሠ ነገሥቱና ለአገሬ» ይል ነበር።

«የመጀመሪያውን እያንዳንዳችሁ ፈጣሪያችሁን በምትጠሩበት ስም በሉት» አላቸው ወልደአማኑኤል፤ «መካከለኛውን ዛሬ በዝምታ እናልፈዋለን።»

እንዳላቸው አደረጉ፤ «እግዚአብሔር»ም «አላህ»ም ተባለ፤ ከፍሙ ማዶ የተቀመጡት ፈዬራም ሳይጠየቁ «ዋቃ» አሉ። ለንጉሠ ነገሥቱ በተተወችው ዝምታ መካከል ግን ከሐይቁ ጉማሬ ክፉኛ አናፋ፤ ሃያ አራቱም ልጆች በሳቅ ወደቁ፤ ቃሉ ከመጀመሪያው እንደገና ተጀመረ። እሳቱ የጠፋውም በወይዘሮ መሰለች ድስት በተቀዳ ውሃ ነበር።

በሳምንቱ ሐጂ አብደላ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሙ፤ ወልደአማኑኤልም የስምንቱን ልጆች ሻርፕ ሊመልሱ የመጡ መሰለው።

«ልጄ ሁሉንም ነገረኝ» አሉ ሐጂ። «እርስዎ ባይነግሩት እሱ ምን ያውቅ ነበር? እኔስ?» ጨርቁን ሲፈቱት አዲስ የሸክላ ድስት ወጣ። «ይህ የጓዱ ነው። ለወይዘሮ መሰለች ይንገሩልኝ፤ ይህንን ማንም እንዳያሟሸው።»

«ያልተሟሸ ድስት ወጥ ያሳርራል፣ ሐጂ።»

ሐጂ ጺማቸውን እያሻሹ አሰቡ። «እንግዲያው በጎመን ዘር። እኔ ባለሁበት።»

ወይዘሮ መሰለች ሁለት ቀን አኮረፉ፤ በሦስተኛው ሐጂ በረንዳ ላይ ተቀምጠው እያዩ ድስቱን በጎመን ዘር አሟሹት፤ ጓዱም ከዚያ ድስት አራት ጊዜ በላ። ዓመቱ ሳይሞላ የስካውት ጓድ የሚባል ነገር ቀረ፤ ሻርፖቹ በየሣጥኑ ገቡ፤ ልጆቹንም ዘመኑ በየአቅጣጫው ወሰዳቸው፤ ያልተመለሱም ነበሩ።

የዚያን መስከረም ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ ዙፋንና ስለ አዋጅ ጻፉ፤ ተገቢም ነው። ስለ ቆቃው ሌሊት የቀረው ጽሑፍ ግን፣ ሻምበል መርዳሳ የላኩት ፖሊስ ከኮረብታ ላይ አይቶ በጣቢያው መዝገብ ያሰፈረው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «አንድ እሳት ታይቷል፤ ሳቅ ተሰምቷል፤ ሌላ የለም።» በዚያ አንድ እሳት ውስጥ ሃያ አምስት የጭቃ ድስት እንደነበረ የጻፈ የለም።