ሁለት ማሙሽ፣ አንድ ባሕር

«ማሙሽ! ማሙሽዬ! ና ቶሎ፣ ማዕበሉ መጣልህ!»

ሱራፌል እናቱ ስትጣራ ሰማ። በሚፋጀው አሸዋ ላይ ሮጠ። ዱብ! ዱብ! ዱብ!

«አቤት! መጣሁ!»

እናቱ ውሃው ጫፍ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ዘርግታለች። ሱራፌል ዘሎ ሊታቀፍ ትንሽ ቀረው።

እሷ ግን ጎንበስ ብላ ሌላ ልጅ አነሣች። ትንሽዬ ልጅ። ሆዱ እንደ ሐብሐብ ክብ ያለ።

ማዕበሉ መጣ። ሿ...! እናቱና ትንሹ ልጅ እየሳቁ ዘለሉ።

«እማዬ፣ ጠርተሽኝ እኮ ነው» አለ ሱራፌል።

«አንተን አይደለም የኔ ጌታ» አለች እናቱ። «እሱን ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው።

ድሬዳዋ፣ እነሱ ሰፈር፣ ማሙሽ ማለት ሱራፌል ነው። እናቱ ማሙሽ ትለዋለች። አያቱ፣ አባባ፣ ማሙሽ ይሉታል። ዳቦ ሻጯም፣ የባጃጁ ሹፌርም «ማሙሽ፣ እንዴት አደርክ?» ነው የሚሉት።

«ሱራፌል!» የሚባለው ወተት ሲደፋ ብቻ ነው።

ጅቡቲ ደግሞ አክስቱ ትርሲት አለች። እሷም ልጅ አላት። ልጁ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፣ ስሙም ናኦድ ነው። ግን ናኦድ ብሎ የሚጠራው የለም። እሱም በቤቱ ማሙሽ ነው።

ድሬዳዋ አንድ ማሙሽ። ጅቡቲ አንድ ማሙሽ። ማንም አልተቸገረም።

አሁን ግን ሱራፌል፣ እናቱና አባባ ለጥቂት ቀን ሊዝናኑ በባቡር ጅቡቲ መጡ። አክስት ትርሲትም ልጇን ይዛ መጣች። ሁሉም ባሕሩ አጠገብ ያለ አንድ ሆቴል ገቡ።

አንድ ባሕር። ሁለት ማሙሽ።

ሱራፌል ከዚህ በፊት ባሕር አይቶ አያውቅም። ድሬዳዋ ወንዙ አሸዋ ብቻ ነው። ውሃው የሚመጣው ሲዘንብ ነው፣ መጥቶም ወዲያው ይሄዳል።

እዚህ ግን አሸዋውም አለ፣ ውሃውም አለ። ውሃው ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። ሿ...! ሿ...!

ደስ ይላል። ማሙሽ ባይኖር ደግሞ የበለጠ ደስ ይል ነበር።

ያኛው ማሙሽ።

ምሳ ሰዓት ላይ አስተናጋጁ ትልቅ ዓሣ አመጣ። ራሱም ጅራቱም አለ። ዓይኑ ሱራፌልን ያየዋል።

አክስት ትርሲት እሾሁን ለቅማ አወጣች። ዓሣውን በቂጣ ጠቀለለች። ትልቅ ጉርሻ ሆነ።

«ማሙሽ፣ አፍህን ክፈት!»

«አቤት!» አለ ሱራፌል። አፉን ከፈተ። ኣ...!

ጉርሻው መጣ። መጣ... መጣ... በሱራፌል አፍንጫ ሥር አለፈ። ናኦድ አፍ ውስጥ ገባ። ጉም!

ሱራፌል አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«ውይ! አንተን አይደለም፣ እሱን ነው» አለች አክስት ትርሲት። «አፍህን ዝጋ እንጂ፣ ዝንብ ይገባል!»

እናቱም ሳቀች፣ አስተናጋጁም ሳቀ። አባባ ብቻ አልሳቁም።

«ና አንተንም ላጉርስህ» አለች አክስት ትርሲት።

«አልፈልግም። ጠግቤያለሁ።»

ሆዱ ግን ጉር... ጉር... አለ።

ከምሳ በኋላ አባባ የመዋኛውን ጎማ ነፉ። ፉ...! ፉ...! ጎማው ቢጫ ነው፣ እንደ ዳክዬ አንገት አለው።

«ማሙሽ፣ ጎማህ ደረሰ» አሉ አባባ።

«አቤት!» አለ ሱራፌል።

«አቤ!» አለ ናኦድ።

ሁለቱም ሮጡ። ዱብ! ዱብ! ዱብ! ጠብ ጠብ ጠብ ጠብ!

ሱራፌል ቀድሞ ደረሰ። የዳክዬውን አንገት ያዘ። ናኦድ ደግሞ የዳክዬውን ጅራት ያዘ። «እኔ! እኔ! እኔ!» ብሎ አለቀሰ።

«ስጠው የኔ ጌታ» አለች እናቱ። «አንተ ትልቅ ነህ።»

ትልቅ! ጠዋት «ወደ ጥልቁ ልግባ» ሲላት «አይሆንም፣ ትንሽ ነህ» ብላው ነበር።

«ጠዋት ትንሽ ነበርኩ» አለ ሱራፌል። «አሁን ማን አሳደገኝ?»

ቢሆንም ጎማው ለናኦድ ተሰጠ።

ሱራፌል ከንፈሩን ጥሎ ሄደ። አባባ ጃንጥላው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ዘፍ አለ።

አባባ ብዙ አያወሩም። ባሕሩን ያያሉ። ባሕሩ ሿ...! ይላል፣ እሳቸው ዝም ይላሉ።

ቆይተው፣ «ቀናህ?» አሉት።

«አልቀናሁም!»

«እም።»

ሱራፌል አሸዋውን በጣቱ ቆፈረ። ቆፈረ፣ ቆፈረ።

«ትንሽ ብቻ» አለ።

«እም።»

«ስሜን ወሰደ። የእማዬን እቅፍ ወሰደ። ጎማውን ወሰደ። ነገ ደግሞ ባሕሩን ይወስዳል! አቦ!»

አባባ ባሕሩን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ አዩት።

«ይከብደዋል» አሉ።

ሱራፌል ሳቁ መጣ። ግን ተናዷል፣ ስለዚህ ከንፈሩን ነክሶ ያዘው።

በማግስቱ ሱራፌል አንድ ዘዴ አሰበ። «ትንሽ እሆናለሁ» አለ።

አሸዋው ላይ ዳኸ። አውራ ጣቱን ጠባ። እናቱ ጋ ሄዶ እግሯን ያዘ።

«ጡጦ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ጡጦ። ኡውው። ጡጦ።»

እናቱ ግንባሩን ዳሰሰች። «ትርሲት! ነይ እስቲ እዪልኝ፣ ይሄን ልጅ ፀሐይ መትቶታል መሰለኝ!»

«ውይ በሞትኩት!» አለች አክስት ትርሲት። «ቶሎ ይተኛ!»

ሱራፌልን ክፍል ውስጥ አስተኙት። መጋረጃውን ዘጉ። እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ አደረጉ።

ከውጭ ሳቅ ይሰማል። ናኦድ ነው። ቂ ቂ ቂ ቂ!

ሱራፌል ጣሪያውን አየ። ትንሽ መሆንም ለካ ከባድ ነው።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ነገ ጠዋት ባቡር ነው።

አክስት ትርሲትና እናቱ ሆቴሉ በር ላይ ሆነው የደረቀውን ፎጣ ያጥፋሉ። አባባ ጥላው ሥር ናቸው። ሱራፌል አጠገባቸው ጉድጓድ ይቆፍራል።

አክስት ትርሲት ዞር ብላ ተጣራች። «አባባ! ማሙሽ እርስዎ ጋ ነው?»

አባባ ጎናቸውን አዩ። ሱራፌል አለ።

«እዚህ ነው!» አሉ።

«እሺ! እንዳይሄድብዎት!» አለች። ተመልሳ ፎጣዋን አጠፈች።

የሱራፌል ሆድ በደስታ ሞቅ አለ። አባባ «እዚህ ነው» አሉ! ማሙሽ የት ነው ሲባሉ እሱን አዩ! ማሙሽ እሱ ነው!

ራሱን አባባ ጉልበት ላይ ጣል አደረገ። ፈገግ አለ።

ከዚያ ዳክዬውን አየ። ዳክዬው አሸዋው ላይ ብቻውን ተቀምጧል።

ናኦድ የለም።

ትንንሽ የእግር ዱካ ግን አለ። ወደ ውሃው ይሄዳል። ሲመለስ አይታይም።

አክስት ትርሲት የጠየቀችው ስለየትኛው ማሙሽ ነው?

እሱ ያውቃል። ሌላ ማንም አያውቅም።

ዝም ቢል ማሙሽ እሱ ነው። እሱ ብቻ። አባባ ጉልበት ላይ ተኝቶ፣ ማሙሽ ሆኖ።

ሿ...! አለ ባሕሩ።

ሱራፌል ተነሣ። «አባባ! እኔን አይደለም!»

«እም?»

«የጠየቀችው እኔን አይደለም! እሱን ነው! እሱን!»

አባባ ዱካውን አዩ። ሊነሡ ከዘራቸውን ፈለጉ። ሱራፌል ግን እየሮጠ ነው። ዱብ! ዱብ! ዱብ! ዱብ!

ዱካው አንዲት የተገለበጠች ጀልባ ዞረ። ሱራፌልም ዞረ።

ናኦድ እዚያ አለ። ጀርባውን ሰጥቶ ውሃው ውስጥ ቆሟል። ውሃው ጉልበቱን ሸፍኖታል። ከፊቱ አንድ ትልቅ ማዕበል እየመጣ ነው።

«ናኦድ!» ብሎ ጮኸ ሱራፌል።

ናኦድ አልዞረም።

«ናኦድ! ና! ናኦድ!»

አልዞረም። ናኦድ ብሎ የሚጠራው የለማ! የሚያውቀው ስም አንድ ብቻ ነው።

ሱራፌል ያንን ስም ማለት አልፈለገም።

ማዕበሉ ቀረበ።

«ማሙሽ!» አለ ሱራፌል። «ማሙሽ! ና ወደዚህ!»

«አቤ!» አለ ናኦድ። ዞረ። እጁን ዘረጋ።

ሱራፌል እጁን ለቀም አደረገው። ሳበው። ማዕበሉ መጣ። ሿ...! ሁለቱም ወደቁ። ቦጭ!

ጨዋማ ውሃ አፍንጫው ገባ። ዓይኑ ገባ። ሱራፌል እጁን አልለቀቀም።

ውሃው ተመለሰ። ሁለቱ አሸዋው ላይ ተቀምጠዋል። ናኦድ ዓይኑን አሸ። ከዚያ፣ ዋ...!

አባባ አንድ እግራቸውን ተጫምተው፣ አንድ እግራቸው ባዶ ሆኖ ደረሱ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ብብታቸው ሥር አቀፉ።

«ወይ ልጆቼ! ወይ የኔ ልጆች! ወይ የኔ አንበሶች! ተረፋችሁልኝ! ወይ እኔ ዓይነ ደካማው! ወይ ልጆቼ!» አሉ።

ሱራፌልን ገረመው። አባባ እንዲህ ሲያወሩ ሰምቶ አያውቅም።

አክስት ትርሲት እያለቀሰች መጣች። እናቱ ፎጣውን ጥላ መጣች። እናቱ መጀመሪያ የሳመችው ናኦድን ነው።

ሱራፌል አየ። ቀና። ትንሽ ብቻ።

ከዚያ እሱን አቀፈችው። አጥብቃ አቀፈችው። ልብሷ ሁሉ እስኪርስ አለቀቀችውም።

«አንተ ልጅ» አለች አክስት ትርሲት አፍንጫዋን እየጠረገች። «እኛ ሁላችን ሳናውቅ አንተ እንዴት አወቅህ?»

«ማሙሽ ስትሉ እኔን አይደለማ» አለ ሱራፌል። «ሁልጊዜ ‹አንተን አይደለም› ትሉኝ የለ?»

አክስት ትርሲት እናቱን አየቻት። እናቱም አክስት ትርሲትን አየቻት።

ያን ቀን እራት ላይ አክስት ትርሲት ዓሣውን በቂጣ ጠቀለለች። ማሙሽ ብላ አልተጣራችም። ተነሥታ ጠረጴዛውን ዞረች፣ ሱራፌል ጋ መጣች።

ጉም! ጉንጩ አበጠ።

«ሁለተኛም አለ» አለች። «አንድማ ያጣላል።»

ጉም!

መሸ። ሁለቱን ልጆች አንድ አልጋ ላይ አስተኟቸው። ትልቁ የመንገድ ሻንጣ ተዘግቶ በሩ ሥር ቆሟል።

አክስት ትርሲት ናኦድን አገጩን ያዘችው። «ይሄ ማነው? ታላቅህ ነው። ጋሼ በለው እስቲ።»

ናኦድ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ።

«ተይው» አለ ሱራፌል። ወደ ግድግዳው ዞረ።

እናቱ መብራቱን አጥፍታ ሁለቱንም ሳመች። በዚህ ጊዜ ከማን እንደጀመረች ጨለማ ስለሆነ አልታየም።

ባሕሩ ከውጭ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። ሿ... ሿ...

አንድ ትንሽ ቀዝቃዛ እግር የሱራፌልን እግር ነካ።

«ጋቼ!»

ማንን ይሆን? ክፍሉ ውስጥ ሌላ ጋሼ እንዳለ ዞር ብሎ አየ።

«ጋቼ!»

«እኔን ነው?» አለ ሱራፌል በሹክሹክታ።

«አዎ። አንተ።»

«አቤት» አለ ሱራፌል።

ትንሹ እጅ በጨለማ መጥቶ ጣቱን ያዘ።

«ነገ አትሂድ።»