ከሐዲዱ ሥር የሚጠራው

ስማኝ እስቲ፣ ይህቺን ነገር ቁጭ ብለህ ስማኝ፣ ከጨረስኩ በኋላ አበደ በለኝ፣ ቅር አይለኝም። እኔ ነስሩ፣ ጂኒ ምናምን፣ የቀትር ጋኔን ምናምን ሲባል ከሚስቁት ነኝ፣ እመነኝ። እናቴ በቀትር ቆሻሻ ውሃ ስትደፋ መጀመሪያ ቢስሚላሂ ትላለች፣ እኔ ደግሞ ከኋላዋ ቆሜ "እማ፣ ጂኒውን አራስሽው እኮ፣ በይ ልብስ ቀይሪለት" እላታለሁ፣ ጫማ ትወረውርብኛለች። ትምህርት ከስምንተኛ ነው ያቆምኩት፣ ግን የሞተ ሰው እንደማይጣራ ለማወቅ ስምንተኛ ይበቃል ባይ ነበርኩ።

እኛ የአሰበ ተፈሪ ሰዎች ነን፣ አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ከዚያ ቤት ያስወጣኝ ምላሴ ነው፣ ቀበሌ ስኳር ሲከፋፈል ጥበቃውን አንድ ነገር ተናገርኩት፣ ምን እንዳልኩት አልነግርህም፣ ስኳሩን እቤቱ የሚወስደው እሱ ስለነበረ እውነቱን ነው የነገርኩት፣ አባቴ በዚያው ማታ "አንተ ልጅ፣ ይሄ አፍህ ሁላችንንም ሳያስበላን ቆላ ውረድ" አለኝ። ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ሚኤሶ ወረድኩ። አቦ ሙቀቱ! ጫማህን አልፎ ነው የሚያቃጥልህ። ሐዲድ የሚጠግኑት ሰዎች ጋ ሄጄ ሥራ ስላቸው ወዲያው ተቀበሉኝ፣ አንድ ሰው ጎድሎባቸዋል። ለምን ጎደለ ብዬ አልጠየቅኩም፣ የተራበ ሰው ይጠይቃል እንዴ?

ሥራው እንዲህ ነው። ሐዲድ ሲሰምጥ ወይ ሲጎብጥ ፓሎ የምንለውን ረጅም የብረት ዘንግ ከሥሩ እንሰካለን፣ በድንጋይ እናስደግፈዋለን፣ ከዚያ ሁላችንም እኩል ጫፉ ላይ እንንጠለጠላለን፣ ሐዲዱ ይነሳል። እኩል ካልሆነ ግን የትም አይሄድም። ስለዚህ ጠሪ አለ፣ ፓሎ አይዝም፣ ፈንጠር ብሎ ይቆምና በዓይኑ ሐዲዱን እየለካ "ሆ፣ ሀርኪሳ!" ይላል፣ በኦሮምኛ ሳቡ ማለቱ ነው፣ እኛም "ሆ!" ብለን እንስባለን። የኛ ጠሪ ካቦው ጋሽ በቀለ ነበሩ፣ ደግ ሽማግሌ፣ ድምፃቸው ግን የታነቀ ፍየል። አብዲ የሚባል ጓደኛችን "ሐዲዱ የሚነሳው እኮ በኛ ጉልበት አይደለም፣ ጋሽ በቀለን ሰምቶ ደንግጦ ነው" ይል ነበር።

ሌላም ሕግ አለ። ሐዲዱ እንደተነሳ አንዱ እጁን ከሥሩ አስገብቶ ጠጠር ይጠቀጥቃል። እጁን ሲያስገባ በድንጋይ ብረቱን ሁለቴ ያንኳኳል፣ ሲያወጣ አንዴ። ያቺ አንዷ እስክትሰማ ድረስ ፓሎህን አትለቅም፣ ወገብህ ይቆረጥ እንጂ አትለቅም፣ ምክንያቱም ከለቀቅክ የወንድምህን እጅ ቆረጥክ። በዚህ ላይ ቀልድ የለም፣ አብዲ እንኳን አይቀልድም።

ከሚኤሶ ወረድ ብሎ ደረቅ ወንዝ አለ፣ ክረምት ካልሆነ አሸዋ ብቻ ነው፣ ሐዲዱ ወንዙ ጋ የሚደርሰው በከፍተኛ የአፈር ቁልል ላይ ሆኖ ነው። እዚያ ስንደርስ ሰዎቹ ወሬ ያቆማሉ። ጠዋት በጊዜ ጠጠር በተን በተን አድርገን እንሄዳለን፣ ጋሽ በቀለ እዚያ አይጣሩም። ከቁልሉ ሥር ግራር አለች፣ ግራሯ ሥር ሁልጊዜ አንዲት ሴት ትቀመጣለች።

"ዋሪያ አብዲ፣ ይህቺ ሴትዮ ባቡር ነው የምትጠብቀው?"

"ባሏን ነው።"

"በየትኛው ባቡር ነው የሚመጣላት?"

"አንተ የሱቅ ልጅ፣ ዝም በል" አለኝ፣ ሳቀ ብዬ ዓይኑን ሳየው አልሳቀም።

ኋላ ውሃ ልንቀዳ ስንወርድ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ባሏ አደም ይባላል፣ ከጋሽ በቀለ በፊት ጠሪው እሱ ነበር፣ እኔ የገባሁት በጎደለው በሱ ቦታ ነው። በክረምቱ ጎርፍ መጥቶ ቁልሉን ከሥር ቦረቦረው፣ በላያችን ያለው የመስመሩ ኃላፊ የጦር ሠራዊት ባቡር ቆሞብኛል ቶሎ በሉ እያለ ይጮሃል፣ አደም ድንጋይ ሊደግፍ ወደ ተቦረቦረው ጉድጓድ ገባ፣ አፈሩ ግው ብሎ ተናደበት።

"ቆፈራችሁት?"

"በገልባጭ አፈር አመጡና ሞሉት። በነጋታው ባቡሩ አለፈ።"

"እና እሱስ?"

"ሸሸ ተባለ፣ ወንበዴ ጋ ገባ ተባለ። ሲወጣ አላየሁም የሚል ሰው ካለ አብሮት ያሴረ ነው አሉን። ልጆች አሉኝ፣ ነስሩ።"

እሷ ዘይነባ ትባላለች። ቀበሌው የወንበዴ ሚስት ብሎ እህሉን ከልክሏታል፣ ይሄ ራሱ አንድ ነገር ነው፣ እሷን የበላት ግን ሌላ ነው። ባሏ ሞቷል ካልተባለ ሐዘን አትቀመጥ፣ ኢዳዋን፣ ባል የሞተባት የምትጠብቀውን ጊዜ፣ አትቆጥር፣ የሙታን ሶላት አይሰገድበት። አንድ ቀን አጠገቧ ሳልፍ ነጠላዋን ያዝ አድርጋ ተነሳች።

"ወንድሜ፣ አንተ አዲስ ነህ፣ አንተን አላስፈራሩህም። ሞቷል በለኝ።"

"እህቴ፣ እኔ እኮ አላውቀውም።"

"የሚያውቁትም እንደዚሁ ነው የሚሉኝ" አለችና ተመልሳ ቁጭ አለች።

እና ያ ቀን መጣ። ሙቀቱ ሐዲዱን ለጥጦት ቁልሉ ላይ ልክ እንደ እባብ ጎብጦ፣ ደግሞ ሰምጦ አገኘነው። ኃላፊው በሐዲድ ላይ በምትሄደው ትንሿ ሞተር ከነሽጉጡ መጣ፣ ከድሬ የሚመጣው የመንገደኛ ባቡር ከሰዓት እንደገባ ያልፋል፣ አሁኑኑ አቅኑት አለ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት።

ጋሽ በቀለ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ጓድ ኃላፊ፣ ትንሽ ትዘንበል። በቀትር እዚህ ቦታ አንሠራም።"

"ለምን? ሰይጣን ይበላችኋል?"

"ብረቱም ፀሐይ ላይ አይታዘዝም፣ ጓድ ኃላፊ።"

"አብዮት በጠላት ተከቦ እናንተ ጂኒ ትፈራላችሁ!" አለ። እኔ እንኳን ሳቄ መጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔና እሱ አንድ ነገር ላይ ተስማማን።

ተሰለፍን፣ ፓሎ ሰካን። ፊቴን ወደ ወንዙ አድርጌያለሁ፣ ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቷል፣ ማን የት እንደቆመ አላየሁም። ነፋስ የለም፣ ወፍ የለም፣ ዝንቧ እንኳን የት እንደገባች እንጃ። ከዚያ "ሆ፣ ሀርኪሳ!" ሰማሁ። "ሆ!" ብለን ሳብን። ሐዲዱ ተነሳ። ምን ልበልህ፣ እንደ ጭድ ነው የቀለለው! እንደገና "ሀርኪሳ!"፣ ደስ የሚል ድምፅ፣ ወፍራም፣ የጎልማሳ ድምፅ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ዘፈን ሳብ የሚያደርግ። እኔ ምኑን አውቄ፣ ጋሽ በቀለ ዛሬ ማር ልሰው ነው የመጡት ብዬ ለአብዲ ላንሾካሹክ ዞር ስል ከአብዲ ቀጥሎ ፓሎ ላይ የተንጠለጠሉት ጋሽ በቀለ ራሳቸው ናቸው። ከንፈራቸውን ግጥም አድርገዋል።

ጠሪ የሚቆምበትን ቦታ አየሁ። ባዶ ነው። ኃላፊው ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ሲጋራ ይዟል፣ አፉ ተዘግቷል።

"ሆ፣ ሀርኪሳ!"

አሁን የት እንዳለ ገባኝ። በጆሮዬ አልነበረም የሚመጣው፣ እመነኝ፣ በፓሎው ነው፣ ከታች በብረቱ ወጥቶ እጄን አልፎ ጥርሴ ላይ ነው የሚሰማኝ። ሰዎቹ ሁሉ ያውቃሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚስቡት፣ አብዲ ያለቅሳል። ግራሯ ሥር ዘይነባ ብድግ ብላለች፣ አልጮኸችም፣ ሰው ከጎረቤት እንደሚጠራ ቀስ ብላ "አደም?" አለች።

እኔ ደግሞ ይሄ ምላሴ! "የት ነህ አንተ?" ብዬ ጮህኩ።

ከዚያ ከታች፣ ከአፈሩ ውስጥ፣ በድንጋይ ብረት ላይ፦ ኳ፣ ኳ።

ሁለቴ። እጄን አስገብቻለሁ ማለት ነው።

ማንም ፓሎውን አልለቀቀም። ሐዲዱ ተነስቶ አየር ላይ ነው፣ ያቺን አንዷን እንጠብቃለን። አልመጣችም። ኃላፊው ሲጋራው ከእጁ ወድቋል፣ ፊቱ እንደ አመድ ነው፣ ሰምቷል! አልሰማሁም ቢልህ ውሸቱን ነው፣ እኔ አይቼዋለሁ።

"ልቀቁት!" አለ።

ጋሽ በቀለ "ሰውየው እጁን አላወጣም" አሉ። ጓድ ኃላፊ እንኳን አላሉትም።

"የምን ሰውዬ? ልቀቁ ብያለሁ!"

የኔን ፓሎ ለአብዲ አስያዝኩና አካፋ አንስቼ በቁልሉ ጎን ቁልቁል ሮጥኩ። ዘይነባ ቀድማኝ በእጇ ትቧጥጣለች፣ ጥፍሯ ደምቷል። "ጓድ ኃላፊ፣ አንድ ሰው ቀይ ጨርቅ ይዞ ይሩጥና ባቡሩን ያስቁመው፣ እንቆፍር፣ ከሌለ የለም፣ ያኔ እኔን እሰረኝ!" አልኩት። አንዴ ዛቅኩ። ሁለተኛውን ሳነሳ ኃላፊው ቁልቁል ወርዶ ሽጉጡን መዞ ግንባሬ ላይ ደግኖ ነበር። የባቡሩ ፉጨት ከሩቅ ተሰማ።

ያቆመኝ ሽጉጡ አይደለም። ጋሽ በቀለ ናቸው፣ ከላይ ሆነው፣ ፓሎው ላይ እንደተንጠለጠሉ፣ "ተው ልጄ፣ ሰው ነው የጫነው፣ ሐዲዱ እንደዚህ እንዳለ ከደረሰ ሁሉም ያልቃል" አሉኝ። ከዚያ ወደ መሬቱ ጎንበስ ብለው "አደም፣ ይቅር በለን" አሉና ቀስ አድርገው፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ ሐዲዱን አወረዱት።

ባቡሩ ቀስ ብሎ አለፈ። በመስኮት ብርቱካን የሚልጡ ሰዎች አየሁ፣ አንዲት ልጅ እጇን አውለበለበችልን። እኔ ጆሮዬን አፈሩ ላይ አድርጌ ነበር። ከመንኮራኩሩ ጩኸት በቀር ምንም የለም፣ የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ ግን ከታች አንድ ነገር ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። አፈር ሲጠቀጠቅ እንደዚያ ይተነፍሳል ይሉኛል። ይሆናል።

ከሥራ ያባረሩኝ በዚያው ቀን ነው። ዘይነባ ግን አለቀቀችኝም፣ "ሰምተሃል፣ ምስክሬ ነህ" ብላ ቃዲው ዘንድ ወሰደችኝ። ቃዲው የተከበሩ አዛውንት ናቸው፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም።

"ልጄ፣ ሬሳውን አይተሃል?"

"አላየሁም፣ ሼካችን።"

"ሲሞትስ?"

"እኔ ያኔ አልነበርኩም። ድምፁን ነው የሰማሁት፣ እርስዎም ቢመጡ ይሰሙታል።"

ቃዲው ወደ እሷ ሳይሆን ወደ መሬት እያዩ፣ "ተጣራ፣ አንኳኳ ብሎ ምስክር ከመጣ፣ እኔ በሕይወት አለ እንጂ ሞቷል ብዬ ልፈርድ አልችልም" አሉ።

ይኸው ነው የረዳኋት! ምስክር ሆኜ ገብቼ ሐዘኗን ጭራሽ ዘጋሁባት። ስንወጣ ቀጥ ብላ ወደ ግራሯ ሄደች፣ እስከ ዛሬም እዚያው ናት ይሉኛል። እኔ አሰበ ተፈሪ ተመልሻለሁ፣ በቀትር አባቴ ሱቅ ውስጥ ጋደም እላለሁ፣ እንቅልፍ ግን የለም፣ ሰውየው እጄን አስገብቻለሁ ብሎ አንኳኩቶ አውጥቻለሁ አላለም እኮ፣ እኛም ለቀቅነው፣ ባቡሩም በየቀኑ ያልፍበታል።

እና አንተ ኃላፊ፣ ከበላይህም ያላችሁት፣ ይሄን ስለተናገርኩ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ፣ እሺ፣ አደም ሸሽቷል እንበል፣ ከዚያ አፈር ሥር ማንም የለም እንበል፣ ታዲያ እኔ አንድ አካፋ አፈር ባነሳ ሽጉጥ ያስመዘዘህ ምንድን ነው?