የወረቀቷ ራሕዋ

ይሄን ተረት ነው የምትሉ ሰዎች ገና ከበሩ ተመለሱ። ከእናንተ ጋር የምከራከርበት ጉልበት የለኝም።

የሆነ ነገር ነው። እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ ሰፈር ውስጥ፣ ዘንድሮ ጥር ላይ።

የተጀመረው ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ ነው። ጀርመኖቹ አራት የሚሉት፣ ሳይመሽ የሚጨልምበት ሰዓት።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እሁድ እሁድ ቸርች ፒያኖ የሚመታውን ካሌብን የምታውቁት፣ ሄዳችሁ "እውነት ነው ወይ?" ብላችሁ እንዳትጠይቁት። ለምን እንደሆነ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ካሌብ ጓደኛዬ ነው። ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፣ ከሥራ ሲገባ ሙዚቃ ይደርሳል። ጥሩ ልጅ ነው... ግን ግትር ነው። ግትርነቱ ነው እዚህ ያደረሰው፣ ፊት ለፊቱም ነግሬዋለሁ።

ኦስትኤንድ ሰፈር ውስጥ ልጆችን ዳንስ የምታስተምር ፍራው ሊን የምትባል ቻይናዊት አለች። ለአዲስ ዓመታቸው አስራ ሁለት አጫጭር የፒያኖ ዜማዎች ድረስልኝ አለችው። ቻይኖች ዓመቱን በእንስሳ ነው የሚጠሩት፤ የአይጥ ዓመት፣ የበሬ ዓመት፣ የነብር ዓመት እያሉ። እኛ ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ እንደምንለው በሉት። ሰውም የተወለደበት ዓመት እንስሳ አለው።

የካሌብ አሠራር ለየት ያለ ነው። ለነብሩ በነብር ዓመት የተወለደ ሰው ይፈልጋል። ሳሎኑ ውስጥ ከነጫማው ወዲያ ወዲህ ያስኬደዋል። ከዚያ ፒያኖው አጠገብ ያስቀምጠውና ከአረማመዱ ዜማ ያወጣል።

ነብሩን ከኣቦይ ጸሃየ ወሰደ። ከእነ ካሌብ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ ኤርትራዊ ጡረተኛ ናቸው። ነብር ነዎት ሲላቸው ሳምንቱን ሙሉ ደረታቸውን ነፍተው ከረሙ። ለአሳማው አንድ ጀርመን የሥራ ባልደረባው በደስታ ተቀመጠለት፤ እነሱ ዘንድ አሳማ ዕድል ነው። ለዝንጀሮው ጓደኛችን ሚኪ መጣ፤ ሚኪ ድሮም ቀልደኛ ነው።

በሬውን ከሚስቱ ከራሕዋ ነው የወሰደው።

ራሕዋ ሽቫንሃይም የአረጋውያን ቤት ትሠራለች። ሽማግሌ ስታነሳ ስታስቀምጥ ወገቧ ተጎድቶ ግራ እግሯን ጫን አድርጋ ነው የምትራመደው። የሥራ ጫማዋ የግራ ተረከዙ ተበልቷል። ዱም... ዱ። ዱም... ዱ። የበሬው ዜማ እሱ ነው። ስሰማው ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ራሕዋ ራሷ ናት።

የቀሩት ሁለት እንስሶች ናቸው።

ውሻ እና እባብ።

እስቲ ሀበሻን "ና ውሻ ሁንልኝ" በሉት። እባብማ ጭራሽ አይወራም። ቸርች ውስጥ የጠየቃቸው ሁሉ "በኢየሱስ ስም" እያሉ ሸሹት።

ካሌብ ታዲያ ምን አደረገ? ወደ ወረቀቱ ሄደ።

ይሄን የኛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጀርመን ስንገባ የትውልድ ዓመት ሲጠይቁን በኛ አቆጣጠር የተናገርን ብዙ ነን። ካሌብ "ሰማንያ ሁለት" አለ፣ በፈረንጅ ሰማንያ ሁለት ተብሎ ተጻፈ። ራሕዋ "ሰማንያ ዘጠኝ" አለች፣ እሱም እንዳለ ተጻፈ። በአንድ ቃል ስምንት ዓመት አረጀች። ቢያስተካክሉት ሌላ ጣጣ ያመጣብናል ብለው ተዉት።

በወረቀቱ ካሌብ ውሻ ነው። ራሕዋ እባብ ናት።

ውሻውን ከራሱ አረማመድ ደረሰው፣ ምንም አልሆነም። ወይም ያኔ ምንም አልመሰለውም።

ከዚያ በዚያ በነገርኳችሁ አስር ሰዓት ላይ ራሕዋን ጠራት።

"እኔኮ በሬ ነኝ ብለህ ጨርሰሃል" አለችው።

"አሁን የወረቀቷ ራሕዋ ሁኚልኝ።"

"እሷን አላውቃትም።"

"እኔም አላውቃትም፤ እስቲ እንያት" አለና ሳቀ።

እንያት አለ። ሰው አፉን ዝም ቢል ምን አለበት?

ራሕዋ ሳሎኑን ተሻግራ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ካሌብ ዓይኑን ጨፍኖ መጫወት ጀመረ።

ከጣቶቹ የወጣው ግን የእሷ እርምጃ አልነበረም። ተረከዝ የሌለው ነገር ነው። የሚንሸራተት... እግሩን ከወለሉ የማያነሳ ሰው አካሄድ። እንዲህ ያለ ቆንጆ ነገር ደርሶ እንደማያውቅ ነግሮኛል።

"ካሌብ" አለች ራሕዋ ቀስ ብላ።

"እ?"

"ማን ነው ከኋላዬ የሚሄደው?"

ዓይኑን ገለጠ። ማንም አልነበረም። ራሕዋ ግን እጇ በረዶ ሆኗል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ኣቦይ ጸሃየ ደረጃው ላይ አስቆሙት።

"ስማ ወደይ፣ ልጄ። እንግዳ መጣባችሁ?"

"ኧረ የለም ኣቦይ። ምነው?"

"አንተ ሥራ ስትሄድ ከላይ ሁለት ሰው ነው የሚራመደው። አንዷ ራሕዋ ናት፣ እሷን አውቃታለሁ። ሌላዋ..." ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እግሯን አታነሳም።"

"ፒያኖው ይሆናል የሰሙት።"

"ፒያኖ አይራመድም" አሉና በራቸውን ዘጉ።

ከዚያ ራሕዋ ደወለች። ሐኪሟ ጋ ሆና ነው። በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"ጠዋት መጥተሽ ነበር ይሉኛል።"

"ማን?"

"እኔ። ክራንክሽራይቡንጌን፣ የሕመም ፈቃድ ወረቀቴን፣ ወስጄ ሄጃለሁ አሉ። በስሜ፣ በልደቴ... ፊቴንም ያውቁኛልኮ ካሌብ።"

"ተሳስተው ነው።"

"ልጅቷ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? 'ጠዋት ግን በጣም አርጅተሽ ነበር።'"

ካሌብ "ቤት እንነጋገር" ብሎ ስልኩን ዘጋ።

የዚያኑ ዕለት ኩሽና ውስጥ ተጣሉ። ራሕዋ ለመነችው፤ እንደ ራሕዋ ያለች ሴት ስትለምን አይታችሁ አታውቁም።

"እባቡን ተወው። አስራ አንድ ይብቃ።"

"የሚገባው ዓመት የእባብ ነው። ፍራው ሊን ያለ እባቡ ምኑን በዓል ሆነ ነው የምትለኝ።"

"እኔ ልጠፋ ነው የምልህ።"

"ሙዚቃ ሰው አያጠፋም፣ ራሕዋ።"

"በተጫወትከው ቁጥር ትጠነክራለች። ትናንት ማንጠልጠያው ላይ ካፖርቴ ሞቆ አገኘሁት። እኔ አልለበስኩትም።"

"ደክሞሻል፣ ተኚ" አላት።

ኣቦይ ጸሃየም ጥላቸውን ሰምተው ኖሮ፣ ጠዋት በሩ ላይ "እባብ ግደል፣ ከነበትሩ ገደል ይባል የለም እንዴ?" አሉት። በጄ አላለም። ስሙ ፖስተር ላይ ወጥቷላ! ሰውዬው ከሚስቱ ፖስተሩ በልጦበታል። እናደዳለሁ፣ ስጽፈው ራሱ እናደዳለሁ።

በዓሉ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ራሕዋ አልመጣም አለች። ከሥራ ወደ ቤት ነው የምሄደው አለች።

ካሌብ አስራ አንዱን ተጫወተ። በሬው ላይ ሰው አጨበጨበ። መጨረሻ ላይ እባቡ መጣ፤ ልጆቹም መደነስ ጀመሩ።

ግማሽ ላይ ቀና ሲል ራሕዋ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች።

ጥቁር ካፖርቷን ለብሳ ፈገግ ብላለች። ልቡ ረካ። ይቅር ብላኛለች ብሎ አሰበ።

ሲጨርስ እጁን ያዘችው። "ደስ ይላል" አለችው። እጇ ደረቅ ነበር።

ትራም ውስጥ ስልኩን አወጣ። ራሕዋ ደጋግማ ደውላለች። ቀና ብሎ አጠገቡ የተቀመጠችውን አያት። የሷ ስልክ የለም፤ እጆቿ ጭኗ ላይ ተጋድመዋል።

የድምፅ መልእክት አለ። ወደ ጆሮው አስጠግቶ ሰማው።

"ካሌብ... ቁልፌ እምቢ አለኝ። የኣቦይ ጸሃየንም ደወል ተጫንኩ፣ አይከፍቱም። የት ነህ? ... በረዶ ነው..."

ወዲያው ቲኬት ተቆጣጣሪ መጣ። የሴትዮዋን ካርድ አይቶ ልደቷን ጠየቃት።

አሁን ይሄን ልብ በሉ። ራሕዋ ልደቷን ስትጠየቅ ሁልጊዜ ትንሽ ትቆያለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የኛን ነው የነሱን እያለች ታሰላለች። በዚህ ስንት ጊዜ ስቀንባታል።

ይህችኛዋ ሳታስብ መለሰች። ቀን፣ ወር፣ ሰማንያ ዘጠኝ።

ያኔ ካሌብ በመብራቱ በደንብ አያት። ከዓይኖቿ ሥር መስመር አለ። ፀጉሯ ሥሩ ላይ ሸብቷል። ራሕዋ ናት... ከስምንት ዓመት በኋላ የምትሆነዋ ራሕዋ።

ወርዶ አይሮጥ ነገር፣ የት ይሮጣል? ቤቱ ነው የሚሄደው፣ ራሕዋም ያለችው እዚያው በር ላይ ነው።

ሲደርሱ በሩ ላይ ማንም የለም። በረዶው ላይ ግን የእግር ዱካ አለ። መጥቶ በሩ ላይ ይቆማል፣ ተመልሶ የሄደ የለም።

ሴትዮዋ በራሷ ቁልፍ ከፈተች። እሺ ብሎ ተከፈተ።

ቤት ገብተው ካፖርቷን ሰቀለች። ወለሉ ላይ እግሯን ሳታነሳ ወደ ኩሽና አለፈች።

ካሌብ የራሕዋን ስልክ ሞከረ፣ አይጠራም። መላው ሲጠፋው ፒያኖው ላይ ተቀመጠ። በእጁ ያለው የራሕዋ ነገር አንድ ብቻ ነው።

በሬውን መምታት ጀመረ።

ዱም... ዱ። ዱም... ዱ።

ከታች ከደረጃው ድምፅ መጣ።

ዱም... ዱ።

እጁን አነሳ። ድምፁ ቆመ። ቀጠለ፣ ድምፁም ቀጠለ። ግራ እግሩን ጫን የሚያደርግ ሰው ደረጃውን እየወጣ ነው። እያለቀሰ መታው። እያንዳንዱን ደረጃ እሱ ነው የሚያስወጣት።

ሴትዮዋ ከኋላው መጥታ ቆመች።

"አትጨርሰው" አለች በሹክሹክታ።

"ሚስቴ ናት።"

"ወረቀት የላትም።"

"ሚስቴ ናት አልኩሽ።"

"መኖሪያ ፈቃዱ የኔ ነው። ሥራው የኔ ነው። የቤት ኪራይ ውሉ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። እሷን ማን ያውቃታል?" ቁጣ እንኳን የለባትም፣ ዝም ብላ ነው የምትነግረው። "ያንተንም ወረቀት ለባለቤቱ ብትመልስ ይሻልሃል" አለች።

የመጨረሻውን ድምፅ መታና በረረ። በሩን በረገደው።

ሰው የለም።

ምንጣፉ ላይ የራሕዋ የሥራ ጫማ ቆሟል። ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ ረጥቦ፣ የግራ ተረከዙ ተበልቶ። ካሌብ ወጥቶ ጎንበስ አለና እጁን ከተተበት።

ሞቃት ነበር።

በሩ ከኋላው ተዘጋ። የዚህ አገር በር ታውቁታላችሁ፣ ከውጭ እጀታ የለውም። ቁልፉ ውስጥ ነው። ደበደበ፣ ደወሉን ተጫነ።

ከውስጥ ፒያኖ ተሰማ። የውሻው ዜማ። ያ ከራሱ ወረቀት የወሰደው።

ሙዚቃው ቆመና የሰው እርምጃ ወደ በሩ መጣ።

"ማን ነው?" አለ የወንድ ድምፅ። የራሱ የካሌብ ድምፅ ነው፣ ትንሽ ጎርነን ብሏል።

"ማንም አይደለም" አለች ሴትዮዋ።

በካልሲ፣ በበረዶ፣ የራሕዋን ጫማ ታቅፎ እኔ ቤት ሽቫንሃይም መጣ። በማግስቱ ፖሊስ ጋ አብረን ሄድን። ቤቱ ደውለው አጣሩ። "ባልና ሚስት ናቸው፣ ወረቀታቸው ሙሉ ነው" አሉን። ከዚያ ወደ ካሌብ ዞረው "አንተስ ማን ነህ?" አሉት።

እሁድ ቸርች ፒያኖውን የሚመታው ደህና አድርጎ ይመታል። ከፈለጋችሁ ልደቱን ጠይቁት፣ ሳያስብ ይነግራችኋል።

የኔው ካሌብ ሶፋዬ ላይ ነው። ፒያኖ ስለሌለኝ በጣቱ ጠረጴዛውን ይመታል፤ ዱም... ዱ... እያለ። ጫማውን ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጠነዋል። ማታ ደርቆ ነው የምንተኛው። ማንም አይነካውም፣ በሩም ተቆልፏል።

ጠዋት ግን ረጥቦ እናገኘዋለን። የግራው ተረከዝ ደግሞ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተበላ ነው።