ከባዶው ውስጥ ያንኳኳው

ልንገራችሁና ከፈለጋችሁ ሳቁብኝ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ጂን አለ ለሚለኝ «እስቲ ሚዛን ላይ አውጣልኝ» ነው መልሴ።

እዚሁ ድሬዳዋ፣ ለትምህርት ቤታችን ወርክሾፕ አንድ ቫኪዩም ቻምበር ነድፌ ነበር፣ አየሩ በፓምፕ ተመጥጦ ባዶ የሚቀር የብረት ዕቃ ነው፣ ውስጡን የምናይበት ክብ የመስታወት መስኮት አለው። ብረቱን የሠራልኝ ኢብራሂም ነው፣ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ላይ ያደገ፣ አባቱም የባቡር ጥገና ሠራተኛ የነበሩ። መስታወቱን እንዳየ «አቦ፣ ይሄ ቀጭን ነው፣ ወፍራም አምጣ» አለኝ። መጠበቅ አልፈለግኩም፣ «ስሌቱ ይበቃል ይላል» አልኩት፣ እውነቱን ለመናገር ስሌቱም በጭንቅ ነው ያለፈው።

ፓምፑ ስለሚጮህ በአፍ አንግባባም፣ ኢብራሂም ብረቱን በኪያቤ ሦስቴ ከመታ «አቁም፣ አየር አስገባ» ማለቱ ነው። ያን ቀን ሦስቴ መታ። ጠርዙ ላይ ስንጥቅ አይቶ ኖሯል። እኔ ደግሞ የግፊት መለኪያው ጌጅ እየወረደልኝ ነበርና ትንሽ ልቆይ አልኩ፣ መስታወቱ ፈነዳ፣ የኢብራሂም ግራ ዓይን ጠፋ። የአደጋው ሪፖርት ላይ «ኢብራሂም የመስኮቱን ብሎን ከልክ በላይ በማጥበቁ» ብዬ ጻፍኩ፣ አዎ፣ እኔው ነኝ የጻፍኩት። እሱ ከሥራ ወጣ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ትንሽ ሱቅ ከፈተ፣ እኔም ድልድዩን ላለመሻገር የማልፈጥረው ሰበብ የለም።

ዘንድሮ ቻምበሩን በወፍራም መስታወት እንደገና ሠራሁት። ከምሳ በኋላ ነው፣ ድሬ በሙቀቱ ጥቅልል ብላ የምትተኛበት ሰዓት፣ ብቻዬን ነኝ፣ አየሩን መጥጬ ጨረስኩና ቫልቩን ዘግቼ ፓምፑን አጠፋሁት፣ ጸጥ አለ።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ከውስጥ ነው። እመኑኝ፣ ባዶ ውስጥ ድምፅ እንደማይሄድ በየዓመቱ የማስተምረው እኔ ነኝ! ብረቱ ሲቀዘቅዝ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ፣ ደገመው፣ ጠጋ ብዬ ሳይ መስታወቱ በውስጥ በኩል ሰው የተነፈሰበት ይመስል ደብዝዟል፣ ጌጁ ግን ንቅንቅ አላለም። አየር ማስገቢያውን ያዝኩት፣ እጄ መክፈት እምቢ አለኝ፣ ሮጬ ወጣሁ።

በር ላይ ቆሜ ኢብራሂም ጋ ደወልኩ፣ ከአደጋው ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ከእንቅልፉ ቀስቅሼው ነበር።

«ወላሂ፣ አሁን በህልሜ አንተ ጋ ነበርኩ» አለኝ። «ጠባብ ነገር ውስጥ ሆኜ አንኳኳለሁ፣ አንተ በመስኮት ታየኛለህ፣ ግን አትከፍትልኝም።»

ያኔ ሁሉንም መናገር ነበረብኝ። «ሙቀቱ ነው» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁት።

ይኸው ወራት አለፉ፣ ሪፖርቱም እንደተጻፈ ነው፣ ቻምበሩንም እስካሁን አልከፈትኩትም።